ጋሼ ድሮም-ነበር እና የጣሪያችን ፀሐይ

አንድ ሕንፃ ሊፍት ሊያጣ ይችላል፣ ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ «ድሮም ነበር» የሚል ሰው ግን አያጣም። ሰማይ ተቀዶ ቢወድቅ ይህ ሰው በነጠላ ጫማው ወጥቶ፣ የወደቀውን ቁራጭ በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ፣ «በልጅነታችን ከዚህ የወፈረ ወድቋል» ይላችኋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ፣ አውቶቡስ ውስጥ አለ፣ ፀጉር ቤት ተራ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ። እናንተ ገና መፍራት የጀመራችሁትን ነገር እሱ ቀድሞ አይቶ፣ ንቆ ጨርሷል።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡርነታቸው ጋሼ ድሮም-ነበር ናቸው። የሰማይ ጉዳይ ጠበቃ፣ የደረጃው ሊቀ መንበር፣ የጀነሬተራችን ብቸኛ አስተዳዳሪ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ክፍል ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁለተኛ ፎቅ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ይኖራሉ። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው ጎረቤቶች ነን፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ የማዕረግ ስም መስሏቸው ተቀብለውታል።

ይህን የምጽፈው ደክሞኝ ነው። የጋዜጣችን የአየር ንብረት ገጽ አዘጋጅ ነኝ። ገጹ ከሐዘን መግለጫዎች ቀጥሎ ይመጣል፤ የሚያነቡኝም ሰዎች ሲገልጡ ጣታቸው አንድ ገጽ ያለፈባቸው ይመስሉኛል። ቀኑን ሙሉ ምድር እየሞቀች ነው ብዬ ጽፌ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ጋሼ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«አንተ ጋዜጠኛ! ዛሬስ ምን ተቃጠለ?»

«ዛሬ እንኳን በረዶ ነው ጋሼ። የተራሮቹ በረዶ እየቀለጠ ነው።»

«የበረዶ ሥራው ምን ሆነና? ሊቀልጥ አይደል እንዴ!»

እንዲህ ላለው ሰው ምን ይባላል? ቦርሳዬን ይዤ ሽቅብ እወጣለሁ። ከኋላዬ ሲስቁ ይሰማኛል።

በበጋ መሐል ያልታሰበ ዝናብ ወርዶ የሰው ልብስ ሁሉ ገመድ ላይ ሻገተ። «ድሮም ነበር! እኔ ልጅ እያለሁ በዚሁ ወር ጎርፍ ፍየሎቻችንን ወስዷል» አሉ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ወር ምድሩ ተሰነጣጠቀ። «ድሮም ነበር! እኔ ልጅ እያለሁ በዚሁ ወር ፍየሎቻችን በውሃ ጥም አልቀዋል።» ከዚያ በረዶ የመኪና መስታወት ሰበረ፤ እሱም ድሮ ፍየል ገድሏል። የጋሼ ልጅነት ለአንድ ሰው የሚበዛ ልጅነት ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማዝነው ለፍየሎቹ ነው።

ከሕንፃችን ወረድ ብሎ ድልድይ አለ። ከሥሩ ወንዝ ነበር፤ አሁን ያረጀ ጎማና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። «ፈቃድ ወጥቶ ነው፤ ይመለሳል» አሉኝ ስለ ወንዙ። «የዓመት ፈቃድ ነው ጋሼ ወይስ ጡረታ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጡረታ የሚለውን ቃል አይወዱትም። ለጥቂት ቀናት ሰላምታ ነሱኝ።

አንድ ቀን ቆርጬ ተነሳሁ። የዓለም ሙቀት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደጨመረ የሚያሳይ ሥዕል ቢሮ አሳትሜ አመጣሁላቸው። ቀይ መስመሩ ከግራ ዝቅ ብሎ ይነሳና ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አቀረቡት፤ አራቁት። ከዚያ ወረቀቱን በጀርባው አዙረው ወደ አምፖሉ ከፍ አደረጉና ብርሃን አሳልፈው ተመለከቱት። «ከዚህ በኩል ሲታይ ይወርዳል» አሉና በአክብሮት መለሱልኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በትንበያ መጡብኝ። «ሰዎችህ ይዘንባል ብለው ጃንጥላ አሲዘውኝ ወጥቼ ፀሐይ አናቴን ጠበሰው። ነገን ያላወቀ የልጅ ልጆቼን ዘመን ያውቃል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነገ ጠዋት ከማን ጋር እንደሚጣሉ እኔ አላውቅም። በዓመቱ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር እንደሚጣሉ ግን ከአሁኑ ፈርሜ መስጠት እችላለሁ። የአየር ንብረትም እንደዚያ ነው።»

ትንሽ አሰቡበት። «ነገ ጠዋት ከአንተ ጋር ነው» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ስለ ጭስ ያላቸው አቋም ደግሞ አጭር ነው፦ «ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላይ ደግሞ ሰፊ ነው።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ጀነሬተሩ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን በዘይት ጨርቅ እየጠራረጉ ነው። ጀነሬተሩን «ወይዘሮዋ» ይሏታል። ጓሮ፣ ከመስኮቶቻችን ሥር ነው የምትቀመጠው። መብራት በጠፋ ቁጥር ገመዷን ስበው ያስነሷታል፤ ስታስቸግር ያባብሏታል። «ወይዘሮዋ ዛሬ ጉሮሮዋን አሟታል» ካሉ ማንም ሰው ልብስ እንዳይተኩስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ መናገር አለብኝ። በዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት ናቸው፤ የጥጡ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ ቀርቷል። አልጋቸው አጠገብ የኦክስጅን ማሽን አለ። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ የግድቡ ውሃ በሸሸ ቁጥር መጥፋት አብዝቷል። መብራት ሲጠፋ ጋሼ ወይዘሮዋን ያስነሳሉ፤ ወይዘሮዋ ስትነሳ ጭሱ በመስኮት ይገባል፤ ጭሱ ሲገባ እትዬን ያስላቸዋል። የሚያስተነፍሳቸውና ትንፋሻቸውን የሚነሳቸው አንድ ነገር ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼም ያውቃሉ፤ በዚህ አንድ ነገር ብቻ አይከራከሩም፤ ሲነሳባቸው ወሬ ይለውጣሉ።

የፀሐይ ፓነል ሐሳብ የመጣው ከኮሚቴያችን ሰብሳቢ ነው። የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰው አፉን ከፍቶ መልስ ሳይሰጥ እንዲሰማት የለመደች። ሕንፃችን አዳራሽ የለውም፤ ስብሰባ የምናደርገው በደረጃው ነው። ሁሉም በየፎቁ ደጁ ላይ ይቆማል፣ ሐኪሟ ምድር ቤት ሆና ወደ ላይ ትጮኻለች፣ አስተያየት ያለው ወደ ታች ይጮኻል። ድምፅ ሲሰጥ እያንዳንዱ ቤት አንድ እጅ በደረጃው መደገፊያ በኩል ያወጣል። ከታች ለሚያየው ፊት የለም፤ እጅ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ጋሼ ንግግር አዘጋጅተው ነበር። ከሁለተኛ ፎቅ መጮህ ለክብራቸው አልመጥን ስላላቸው ምድር ቤት ወርደው ከሐኪሟ ጎን ቆሙ። «ፀሐይ ማታ ትተኛለች! ለሰው መብራት የሚያስፈልገው ደግሞ ማታ ነው! ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቃል!» አሉ። ሐኪሟ ባትሪ የሚባል ነገር እንዳለ አስረዳች። «ባትሪ ይሞታል!» አሉ። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል አለች እሷም፣ ትዕግሥቷ አልቆ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ።

እጆች ወጡ። ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ቀጭን እጅ ወጣ።

«ያ የማን ነው?» አሉ ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው። «የኔ ቤት ነው እኮ! እኔ እዚህ ነኝ!»

«አንተ ወርደህ የለም እንዴ?» አሉ እትዬ ከላይ፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው የሚናገሩት። «ድምፅ የሚሰጠው ደጁ ላይ ያለ ሰው ነው።»

ሕንፃው በሳቅ ተናወጠ። ፓነሎቹ በአንድ እጅ ብልጫ አለፉ።

ጋሼ ያኮርፋሉ ብለን ጠበቅን። አላኮረፉም፤ የባሰ ነገር አደረጉ። «ይኼ ነገር መክሸፉ አይቀርም» አሉ ፓነሎቹ የተገጠሙ ዕለት። «ሲከሽፍ ግን 'አቧራ ይዞት ነው' ብላችሁ እንድታመልጡኝ አልፈልግም።» በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ባልዲና ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ፓነሎቹን ያላጠቡበት ጠዋት አልነበረም። ወፍ አባረሩ። ጥላ ይጥላል ብለው የውሃ ማጠራቀሚያውን አስነሱ። በቴሌቪዥን ዲሽ ሳህን ጉዳይ ከአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ጋር ተጣሉ፤ ሳህኑ ከፓነሉ ጫፍ ላይ የቡና ቅጠል የምታህል ጥላ ይጥል ነበር። የገጠሙት ሠራተኞች ሊያዩ ሲመጡ እንዲህ የተያዘ ፓነል ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። «ባለሙያችሁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟ ወደ ጋሼ አመለከተች።

«ባለሙያ አይደለሁም፤ ተቃዋሚ ነኝ» አሉ ጋሼ በኩራት።

ፓነሎቹ ሠሩ። ወይዘሮዋ ጓሮ ሸራ ለብሳ ተቀመጠች። የእትዬ መስኮት ተከፍቶ መዋል ጀመረ፤ ሳላቸው ቀነሰ። ጋሼ ይህን ሁሉ ነገሬ አላሉትም። «ገና ነው፤ ቆይ» ይሉኛል። እኔም በበኩሌ መልስ መስጠት ሰለቸኝ፤ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

ከዚያ ያ ሙቀት መጣ። ግድግዳው ማታ ማታ ሳይቀር ሲነኩት የሚፋጅበት፣ ነፋስ የሚባል ነገር የጠፋበት ሙቀት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ሁላችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ በራችንን ዘግተን ቬንቲሌተር ከፍተን ዋልን። ፍሪጁም፣ ቬንቲሌተሩም፣ ሁሉም የጋራ ባትሪው ላይ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን አንድ ቬንቲሌተር ብቻ ነው የሚያየው። አመሻሽ ላይ ባትሪው ባዶ ሆነ።

ጋሼ ደረጃውን እንደ ወጣት ወረዱ። ሸራውን ገፈው ወይዘሮዋን ሳቧት፤ ተነሳች። የእትዬ ማሽን ድምፅ ከላይ ሲጀምር ሰማን፤ እፎይ አልን። ነገር ግን የሚወስደው ነፋስ አልነበረም። ጭሱ ወደ ላይ አልሄደም። ጓሮው ላይ ተኛ፣ ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ወጣ፣ ለሙቀቱ ተብሎ በተከፈተው በእትዬ መስኮት ገባ። ሳላቸው ጀመረ። እንደ ሌላው ጊዜ ሳል አልነበረም።

ሮጬ ገብቼ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ግን አስቀድሞ ሞልቶ ነበር። ከመስታወቱ ወደ ታች ሳይ ጋሼ ወይዘሮዋ አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው ማጥፊያው ላይ ነው። ቢያጠፏት ማሽኑ ይቆማል። ካላጠፏት ጭሱ ይቀጥላል። ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩ። እንደዚያ ያለ ፊት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም እንዳላይ እለምናለሁ። አጠፏት።

እትዬን ከነወንበራቸው ተሸክመን አወረድናቸው። ሐኪሟ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ተረፉ። የቆዩበት ጊዜ ግን ረዘም አለ።

በቀጣዩ የደረጃ ስብሰባ ማንም አልጮኸም። ከባትሪው ላይ ለእትዬ ማሽን ብቻ የሚሆን፣ ሌላ ሰው የማይነካው ድርሻ ተለይቶ በራሱ መስመር እንዲሄድ ተባለ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። ከሁለተኛ ፎቅ የጋሼ ትልቅ እጅ ወጣ። ምንም ንግግር አላደረጉም።

ዋናው መከራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ መስማማት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሙቀቱ ከተለመደው በላይ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ» አልኳቸው አንድ ቀን ደረጃው ሥር።

«እውነታቸውን ነው» አሉኝ።

ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ቃል ነው። ስሰማው ግን አላመንኳቸውም። ሆን ብዬ የማይረባ ነገር ሁሉ እያነሳሁ ሞከርኳቸው። ፓነል በጨረቃም ይሠራል አልኳቸው። «ሊሆን ይችላል» አሉ። ፍየል ለአየር ንብረት ጠንቅ ናት አልኳቸው፤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣሪያው ላይ አቧራ ተጋገረ። እኔ ወጥቼ አጠብኩት፤ ጭቃ መስመር መስመር ሠርቶ ቀረ። መጥተው አዩት፤ ተመልሰው ወረዱ። ሰዎችን ለማሳመን ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። አንድ ሰው አምኖ ሳይ እንዲህ እንደማዝን ማንም አልነገረኝም። ናፈቁኝ፤ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ናፈቁኝ።

እትዬ የተመለሱ ሰሞን ልጠይቃቸው ገባሁ። ማሽኑ በአዲሱ መስመር ላይ በእርጋታ ይሠራል። ጋሼ ጣሪያ ላይ ናቸው።

«በሩን ዝጋውና ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ። «ሐኪሞቹ ምን አሉት?»

«ለማን?»

«ለእሱ ነዋ። ለእኔ የማይነገር ነገር ነግረውታል።»

«ምንም አላሉም እትዬ። ደህና ነዎት ብለው አይደል የላኩዎት?»

«ታዲያ ለምንድነው እሺ የሚለኝ?» እጄን ያዙኝ። «መስኮቱን ክፈት ስለው እሺ። ዝጋ ስለው እሺ። ሾርባው ጨው በዛበት ስለው እሺ፣ እውነትሽን ነው። ይኼ ሰውዬ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ሰው እንዲህ የሚሆነው ለሚሞት ሰው ነው። ልሞት ነው እንዴ? እውነቱን ንገረኝ።»

ጣሪያ ላይ ስወጣ ጋሼ ባልዲያቸውን ደፍተው ተቀምጠውበት ከተማውን ያያሉ። እትዬ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«እኔ እኮ እሷ እንዳትናደድ ብዬ ነው» አሉ። «ሐኪሙ አትናደድ አለኛ።»

«እሺ ሲሏቸው የሚሞቱ መስሏቸዋል።»

ከተማውን መልሰው ማየት ጀመሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «አንተ ጋዜጠኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ» አሉ። «ያ ሙቀት ይመለሳል?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ! መልሱን በሥዕል፣ በቁጥር፣ በምሳሌ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

«ይመለሳል ጋሼ። ጭሱ ካልቀነሰ ደግሞ ይብሳል።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«እዚያ ድልድይ ሥር ዋኝቻለሁ። ውሃው እዚህ ይደርስ ነበር።» ደረታቸውን በመዳፋቸው አሳዩኝ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ክርክር ምን ነበር?»

«ሌላው መስኮቷ ከደረጃው መግቢያ በላይ ነው» አሉ። «እዚያ የምናወራውን ሁሉ ተኝታ ትሰማለች። አንተ ደግሞ ድምፅህ ትልቅ ነው፤ በየማታው እዚያው ቆመህ አየሩ ከፋ፣ አየሩ ተበላሸ ትላለህ። እሷ የምትስበው እኮ እሱኑ አየር ነው። የታመመች ሰው አለች ብሎ ተው የሚልህ ማን አለ? አንድ የሚመልስልህ ሰው ያስፈልግ ነበር።»

ጎናቸው ተቀመጥኩ። በሙያዬ ብዙ ካጂ አውቃለሁ፤ ለጥቅሙ የሚክድ፣ ከስንፍና የሚክድ፣ በእልህ የሚክድ። ለሚስቱ መስኮት ብሎ የሚክድ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። የጭቃውን መስመር በጣታቸው ጫር አደረጉት። «ይኼን ያጠበው ማን ነው? በጥርሱ ነው ያጠበው?» አሉ። የድሮው ጋሼ ተመለሱ። መልስ ሳይጠብቁ ደረጃውን ወረዱ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ፤ ገብተው በሩን በላዬ ላይ ዘጉት።

ደጁ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ቀጥሎ እትዬ መስኮቱን ክፈት አሉ።

«አልከፍትም!» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ሕንፃውን ሞላው። «ምን ሊሆንሽ ነው የሚከፈተው? ያ ጋዜጠኛ በሙቀት ወሬ አስፈራርቶሽ ነው አይደል? አትስሚው! ፓነል ማጠብ እንኳን አይችልም፣ ስለ ዓለም ሊያወራ! ሙቀት የሚባል ነገር አልቋል። የሚመጣው ዓመት ብርድ ነው! ብርድ ልብስ ደርቤ ባላለብስሽ ምን አለ በይኝ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!» አሉ እትዬ። እየሳቁ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ።

ያነበብኩት ሁሉ፣ የጻፍኩት ሁሉ የሚመጣው ዓመት ብርድ እንደማይሆን ይናገራል። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እኚህ ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቻ ልክ እንዲሆኑ ከልቤ ተመኘሁ።